ሳትፈርሚ ይድረስሽ

መካኒሳ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለልጄ ለጸደንያ፣

የኔ ዓለም፣ እንዴት ከረምሽ? የቤሩት ውሃው፣ አየሩ ተስማማሽ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም ዘንድሮ ብርዱን ችሎታል። ነገ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ቤዚ ከአሁኑ ሽሮው አልቋል እያለች ትነጫነጫለች። «እማዬ፣ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ በኮምፒውተር ልጻፍልሽ፣ ያምራል» ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኩት ፊደል ለልጄ ካልጻፍኩበት ለመቼ ሊሆነኝ ነው? መስመሩ ቢጣመም ታገሺኝ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በጥቅምት መጨረሻ ነው። «እማዬ፣ ሁለት ዓመት ልጨምር ነው፤ እመቤቲቱ እስከ ፈረንጆች ገና ውሉን ፈርሚ ብላኛለች» ያልሽውን አንብቤ ዝም ያልኩሽ ጨክኜ አይደለም። በዚያው ሰሞን አንቺ በላክሽው ብር የገዛነው ኮምፒውተር አልበራም ብሎን ነበር። አትደንግጪ፣ አሁን ደህና ነው። ደህና ባይሆንማ አልነግርሽም ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ቤዚ የፊት ለፊቷን ክፍል ከፍታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ ማብሪያውን ብትጫነው ጭጭ አለ። ደግማ ብትጫነው ያው ነው። በዚያ ላይ ኢታና መጣ። ኢታና የመመረቂያ ጽሑፉን እኛ ዘንድ የሚያስተይብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ሰኞ ሊያስረክብ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቤዚ ዲስኬት ላይ የገለበጠችው መጀመሪያውን ብቻ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ «ምነው? ምን ሆነ?» አላት።

እኔ መብራት የሄደ መስሎኝ አምፖሉን ባበራው በራ። ሶኬቱ ይሆናል ብዬ ካውያ ሰካሁበት፤ ጋለ። ቤዚ የስክሪኑን ገመድ ነቅላ ለሳጥኑ ሰካችለት፣ አንድ ዓይነት ናቸው። እሱም አልሆነም። ስታቢላይዘሩን ትታ ቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካችው። ምንም። ከዚያ ጆሮዋን ከኋላው ለጥፋ እንደገና ተጫነችውና፣

«እማዬ፣ ነይ ስሚ!» አለችኝ። «ማራገቢያው ሽር ይልና ይቆማል።»

«እና ጥሩ ነው?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ጨርሶ አልሞተም።»

በጋቢዬ ጠቅልለን፣ ታክሲ ይዘን ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ወዳለ አንድ ሱቅ ወሰድነው። ሰውዬው ክዳኑን እንኳን በቅጡ ሳይከፍት፣ «ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል። ይሄማ ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ሌላ ግዙ። ይሄን እኔ ለመለዋወጫ ልያዘው» አለን። ቤዚ አንስታ አቀፈችው። ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀምጣው እንባዋ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። እህትሽን ታውቂያታለሽ፤ ሰው ፊት ማልቀስ ሞቷ ነው።

ቤት ገብተን በሩን ስንዘጋ፣ «ለጸዲ እንደውልላት» አለችኝ።

«አፍሽን ያዢ!» ብዬ ጮኽኩባት። እንደዚያ ጮኼባት አላውቅም፣ እኔም ራሴ ደነገጥኩ። «እህትሽ ይሄን ከሰማች ነገውኑ ትፈርማለች። የሁለት ዓመት ዕድሜዋን ለዚህ ቆርቆሮ ልትገብርልሽ ነው?»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ «እንግዲያው እኔ እከፍተዋለሁ» አለች።

የሐሚዳ ሱቅ አጠገብ ሮበሌ የሚባል ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ተከራይቷል፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነው። ሄደን የሆነውን ነገርነው። ጭንቅላቱን እያከከ፣ «እኔ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም» አለን። «ግን ሽር ብሎ የሚቆም ከሆነ ኃይል የሚሰጠው አልሞተም ማለት ይመስለኛል። ምናልባት የሆነ ቦታ ሽቦ ተነካክቶ እሱ ራሱን እያዳነ ይሆናል። የተሰካበትን ሁሉ አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ሞክሩት። የኃይሉን ሳጥን ግን እንዳትከፍቱ! ገመዱ ቢነቀልም ይመታል።»

ካቻቢቴ አዋሰን፣ እሱም ሥራውን ትቶ ተከተለን። ሐሚዳ ሱቋን ዘግታ ባትሪዋን ይዛ መጣች። ኢታና እንደሆነ ቤቱ ከእኛ ዘንድ ሆኗል። ቤዚ ብሎኑን ፈትታ ክዳኑን አነሳችው። ግድግዳው ላይ ያለውን ትነቅላለች፣ ከውስጥ አንድ ነገር ታወጣለች፣ መልሳ ሰክታ ትጫነዋለች፤ ሽር፣ ቀጥ። እኔ በተጫነችው ቁጥር በስመ አብ እላለሁ፤ ሐሚዳ ቢስሚላሂ ትላለች።

«አሁን ጽሑፉ የሚቀመጥበትን ዲስክ ነው የምነቅለው» ስትል ኢታና ዓይኑን ጨፈነ።

ነቀለችው፤ ተጫነችው። ሽር፣ ቀጥ።

«ኧረ አሁንም እምቢ አለ!» አልኩ።

«እሰይ በይ እንጂ!» አለችኝ፤ ፊቷ በርቷል። «እሱ ቢሆን ኖሮ አሁን ይነሳ ነበር። ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም ማለት ነው!» ኢታና ትንፋሹ ሲወጣ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ቀጥላ ወደ ዲስኬቱ ማስገቢያ የሚሄደውን ገመድ ነቀለች። ተጫነችው። ማራገቢያው ሽር አለ... አልቆመም። ዞረ፣ ዞረ፣ ጡሩምባ የነፉልኝ መሰለኝ። ሐሚዳ እልል ስትል የጎረቤት ልጆች ሰርግ መስሏቸው እየሮጡ መጡ።

ሮበሌ ባትሪውን አስጠግቶ የተነቀለውን ገመድ አየው። ቢጫውና ጥቁሩ ሽቦ ልብሳቸው ተልጦ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። የጥርስ ምልክት!

«አይጥ ናት!» አለች ሐሚዳ። «ይቺ ልጅ ቆሎ እየቆረጠመች ትተይባለች፤ እሷም ድርሻዬ የት አለ ብላ ገብታ ነው!»

እንደዚያ ቀን ስቀን አናውቅም። ሮበሌ ሽቦዎቹን ለየብቻ በናስትሮ ጠቀለላቸው። ቤዚ ሁሉንም ወደየቦታው መለሰች፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ፤ የኢታናም ሥራ ሳይጎድል ተገኘ። ሌላ ነገር ሳትነካ መጀመሪያ ዲስኬት ላይ ገለበጠችለት። ከኋላ አይጧ የገባችበትንም ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈነችው።

ልጁ በሰዓቱ አስረከበ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቹን ሁሉ እየላከልን ነው፤ ወንበር ሞልቶ ደጅ የሚጠብቅ አለ። ቤዚም ሌላ ሰው ሆናለች። ቀና ብላ ነው የምትሄደው። ባለፈው አንድ ሰው «እዚህ የሚሠራው ማነው?» ቢላት «እኔ ነኝ» ስትለው ብታያት! የወጥ ቤት ወጪያችንን ራሷ ትሸፍናለች። ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል ካለችም ቆየች። «ሰው እንቅጠር?» ብላት፣ «እኔ የምፈልገው ጸዲን ነው» አለችኝ።

ስለዚህ ጸዲዬ፣ አትፈርሚ። እዚህ እየራበን አይደለም። ቤቱ በአንቺ ላይ የቆመ አይደለም፤ አንቺ አቆምሽው፣ አሁን በራሱ ቆሟል።

ደልቶኛል ብለሽ ጽፈሻል። ይሁን ልጄ፣ ይድላሽ። የላክሽውን ፎቶግራፍ ግን ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጬ ደጋግሜ አየዋለሁ። ሰው ሁሉ በሙቀት ክንዱን ገልጦ አንቺ እጅጌሽን እስከ ጣትሽ ስበሽዋል። በስልክም ስናወራ በር ሲከፈት ሰማሁና ቃልሽን ሳትጨርሺ ዘጋሽው። ምንም አልጠይቅሽም። ስትመጪ ልታወሪኝ ብትፈልጊ አለሁ፤ ባትፈልጊም አጠገቤ ትተኛለሽ፣ ይበቃኛል።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ሌላ ሰው እንዳይከፍተው ነው። የምታደርስልሽ ቀጄላ የሚባል ሰው ባለቤት ናት፤ ሐሚዳ ታውቃታለች፣ ቤሩት ብዙ ዓመት ኖራለች። ቀጥ ያለች ሴት ናት። ስልኳን ትሰጥሻለች። ለምንም ነገር፣ በማንኛውም ሰዓት ደውዪላት። አገር ለመግባት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ታውቃለች፤ ቃል አስገብቻታለሁ።

ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት እንዳወጣቸው አንቺንም በክንፉ ከልሎ ያምጣልኝ። የረገጥሽው ይለምልም፤ ክፉ ዓይን አይይሽ፤ ያዋረደሽ ካለ እግዜር ይፍረደው፣ አንቺን ግን ቀና አድርጎ ይመልስልኝ።

ለእኔ ብለሽ ምንም እንዳትገዢ። ሻንጣሽን አንሰጥም ቢሉሽም ተዪላቸው። ባዶ እጅሽን ነይ።

እናትሽ
ገዲሴ