ፓ፣ ታ፣ ካ

እንደምን ከረምሽልኝ፣ ልጄ? እኛ ደህና ነን፤ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም ችግር የለብንም።

ልጅሽን ወደ ንግግር ሐኪሟ የማመላልሳት እኔው ነኝ። የምትለው አይጠፋትም፤ አልታዘዝ ያላት አፏ ነው። መስታወት ፊት ተቀምጠን «ፓ፣ ታ፣ ካ» እንላለን፤ ብቻዋን እንዳይደብራት እኔም አብሬያት እላለሁ። ትናንት ሳትደናቀፍ ተወጣችው! ላጨበጭብላት ስል ግን ሐኪሟ በመስታወቱ የምታየው እኔን ነበር።

«አባቴ፣ እስቲ እርስዎ ብቻዎን ይበሉት» አለችኝ።

ሞከርኩ፤ ምላሴ ግን «ታ» ላይ ተሳሰረ። ጉንፋን ነው ብዬ ሳቅሁ። ልጅሽ አልሳቀችም፤ ጣቷን ከንፈሬ ላይ አድርጋ «ቀስ በል፣ አባባ» አለችኝ።

ከእንግዲህ ስትደውዪ ስልኩን የምታነሳው እሷ ናት፤ ጎብዛልሻለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማሻለሁ።

ዓይን ለዓይን እስክንተያይ ደህና ሁኚልኝ።

አባትሽ