ገና ልጅ ናት

ቅዳሜ፣ ጥር 3

ዳማ ከዩኑስ ጋር፣ እንደ ሁልጊዜው ልብስ ስፌት ቤቱ ደጃፍ። የእኔ የቢራ ቆርኪ፣ የእሱ የለስላሳ። ሦስት ለዜሮ ተሸነፍኩ። እኔ፣ የፊዚክስ አስተማሪው! ጥፋተኛው የትናንቱ ስልጠና ነው፤ ንዴቱ ገና አልለቀቀኝም። "የስሜት ብልህነት" አሉና መጠይቅ አስሞሉን። እኔ ከመቶ 31። የስፖርት አስተማሪው 88! የተማሪዎቹን ስም እንኳ አያውቅም እኮ... ስሜት ደግሞ በመቶኛ ይለካል? በምን መሣሪያ?

ነገ ወደ ገሳይ ከተማ እንሄዳለን፣ ለሽምግልና። ወንድሜ ደረጄ ሰላማዊትን ሊያገባ ነው። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ አስናቀ ናቸው። እኔ የተጨመርኩት "የተማረ ሰው ይኑርበት" ተብሎ።

እሑድ፣ ጥር 4

ጉድ ነው። ቆመን ጠየቅን። አባቷ አቶ ባዩ "ልጅቷ ገና ልጅ ናት" አሉ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ለምን? ሃያ አምስት ዓመቷ ነው! "ከተመረቀች ሦስት ዓመት ሆናት፤ ይኸው ፎቶው ከራስዎ በላይ ተሰቅሏል" አልኩ። በማስረጃ! አቶ ባዩ ብድግ አሉ። "በሉ በደህና ግቡ" አሉን፣ ቀጠሮ እንኳ ሳይሰጡ።

ሚኒባስ ውስጥ ጋሽ አስናቀ "ሰው ፊት አዋረድሃቸው" አሉኝ። እኔ? እውነት መናገር ከመቼ ወዲህ ነው ማዋረድ የሆነው?

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ደረጄ እራቱን ትቶ ተነሳ። "ጋሼ፣ አንተ ተከራክረህ ረታህ። እኔ ሰላማዊትን አጣሁ።"

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ለዩኑስ ሁሉንም ነገርኩት። ሳቀብኝ! "እኛም ዘንድ በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት የለም። ልጁን እንደተረፈ ዕቃ ይስጥ?"

"ታዲያ ይህን ማን ነገረኝ?"

"ይኼ ይነገራል እንዴ፣ ወርቁ? ሰው አይቶ ያውቀዋል እንጂ።"

ይባስ ተናደድኩ። መጽሐፍ የለው፣ ክፍል የለው፣ ፈተና ግን አለው! በዳማውም ደግሞ አሸነፈኝ።

ጋሽ አስናቀ ነገ ተመልሰው ሊለምኑ ነው። "አንተም መጥተህ ይቅርታ ጠይቅ" አሉኝ። በምን ጥፋት?... እሄዳለሁ። ለደረጄ ስል።

እሑድ፣ ጥር 18

ይቅርታ ጠየቅሁ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አቶ ባዩ ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ። ጋሽ አስናቀ ጥያቄውን ደገሙ። አቶ ባዩ ፊት ለፊት እያዩኝ፣ "ልጅቷ ገና ልጅ ናት" አሉ። ያንኑ! ሃያ አምስት ምላሴ ላይ መጣ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ፤ የእኔም ተከተለ። ከምረቃው ፎቶ ሥር ሌላ ትንሽ ፎቶ አለ፣ ያን ቀን ያላየሁት። የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ፣ የአባቷን ጣት ጨብጣ።

ለካ እየዋሹ አልነበረም።

"ልክ ነዎት። ገና ልጅ ናት" አልኩ።

አቶ ባዩ "የዛሬ ሳምንት ዘመድ ጠርቼ እጠብቃችኋለሁ" አሉ። "አሁን ተቀመጡ።"

ደረጄ ስልክ ላይ አለቀሰ። እኔም ትንሽ።

31ን ግን አሁንም አልቀበልም። ያ ሁሉ መጠይቅ ሲሞላ፣ ጥርሷ ስለወለቀ ልጅ አንድም ጥያቄ አልነበረበትም።