የወንድሜን ድምፅ ለወሰዱብን ሊቀመንበር

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ ፀሐዬ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ ጉሮሮዎም ለመጪው ስብሰባ የሰላ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ የጭነት መኪና ሾፌሩ ሸረፈዲን፣ ለቤተሰባችን የዋሉትን ውለታ ጎረቤት ሁሉ እንዲያነበው ይህን ደብዳቤ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ታናሽ ወንድሜን ሀሚድን ለብሔራዊ ውትድርና የመለመሉት እርስዎ ነዎት። ልጁ ከጦር ግንባር ድምፁን በካሴት ቀርጾ በሾፌር ጓደኛዬ እጅ ላከልን። እናታችን ጠይባ ግን ጆሮዋ ስለደከመ፣ ከትንሿ ቴፓችን የሰማችው የትንኝ ጢዝታ ያህል ነበር። ስለዚህ ከተቃጠለ አውቶቡስ ሁለት እስፒከር ፈትቼ፣ የተቀደደ ወረቀታቸውን በሙጫና በስስ ጨርቅ ጠግኜ፣ በአሮጌ ቁም ሣጥን ጣውላ ሁለት ሣጥን ሠራሁላቸው፤ ውስጣቸውን የፍራሽ ጥጥ ጠቀጠቅሁበት፤ ከተጣለ ራዲዮ ባወጣሁት ማጉያም ከቴፑ ጋር አገናኘኋቸው። እናቴ መዳፏን አንዱ ሣጥን ላይ አሳርፋ አዳመጠችና «ልጄን ጉንፋን ይዞታል» ብላ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ስለፈጸሙልን በጎ ሥራ ምስጋናዬን እነሆ፦

፩ኛ. አብዮት ጥበቃዎችዎ ቤታችንን ፈትሸው፣ ሣጥኖቹ ለጠላት ወሬ የሚያቀብሉ ራዲዮ መሆናቸውን ስለደረሱበት። ጣውላና ጥጥ ይህን ያህል ሴረኛ መሆኑን ያለ እርስዎ ንቃት ማን ይነግረን ነበር?

፪ኛ. እኔን አስረው፣ ያንኑ የጠላት ራዲዮ በአዳራሹ ተክለው ለወዛደሮች ቀን ንግግር ስላደረጉበት። ታስሬ ከነበርኩበት ክፍል ሆኜ ሰማሁዎት፤ እስከ እንጦጦ ማርያም ሳይሰማ አልቀረም። የእስፒከሮቹ ወረቀት ሲተረተርም ሰማሁ። ለእናት ጆሮ የተሠራ ዕቃ ያን ያህል ውሸት መሸከም አልቻለም፤ የአሠራር ጉድለት ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

፫ኛ. ንግግርዎን ለታሪክ ለማስቀረት ባዶ ካሴት ሲያጡ፣ ከሣጥኖቹ ጋር በወሰዱት ካሴት፣ በሀሚድ ድምፅ ላይ ስለቀረጹበት። ስፈታ ካሴቱንም ሣጥኖቹንም መለሱልኝ። እኔ ምን አውቄ፣ እስፒከሮቹን እንደገና ጠግኜ ለእናቴ ከፈትኩላት። መዳፏን አሳርፋ ጠበቀች፣ ጠበቀችና «ይሄ ሰውዬ ማነው? ልጄን የት አድርሶት ነው?» አለችኝ። ከሀሚድ ከዚያ ወዲህ ወሬ የለም፤ ከልጁ በእጃችን የቀረው ያ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። እሱን ነው የደመሰሱት።

ለእናቴ ጥያቄ መልስ ካለዎት ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ጮክ ብለው እንዲነግሯት በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ እኔን ለመውሰድ የሚመጡም ከሆነ በሩን መስበር እንደማያስፈልግዎ አረጋግጣለሁ።

ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቱ የማይረሳው ነዋሪዎ፣
ሸረፈዲን፣ ከላምበረት
ግንቦት ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ሳልረሳው፦ የበኩር ልጅዎ ጆሮው አይሰማም ተብሎ ከውትድርና መቅረቱን ሰምተን አዝነን ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ጎረቤታችን የሺሃረግ በኅብረት ሱቅ ሰልፍ ስለ እርስዎ ያንሾካሾከችውን፣ ከሰልፉ ወዲያኛው ጫፍ ሆኖ ሰምቶ አሳስሯታል። እንኳን ፈጣሪ ማረልዎ።