ሐዘን በአረንጓዴ እርሳስ

ለተከበሩ አቶ ይታገሱ
የልጆች ስሜት ትምህርት መርሐ ግብር መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎና የኮሚቴው አባላት እንደምን ሰነበታችሁ? በወልድያው ስብሰባ ስለ ቁጣ አያያዝ ስትወያዩ የተሰበረው ወንበርም ተጠግኖ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ፓፓያ የምሸጥ፣ የአራተኛ ክፍሏ የቤዛዊት እናት ነኝ። ልጆቻችን ስሜታቸውን እንዲያውቁ ብላችሁ ለደከማችሁት ድካም ምስጋናዬን አስቀድሜ፣ ጥቂት ነገር በትሕትና አመለክታለሁ።

፩ኛ፦ ከቀረቡላችሁ መርሐ ግብሮች ሁሉ በረዶ ውስጥ ስለሚኖር ድብ የሚተርከውን መምረጣችሁ አርቆ አሳቢነታችሁን ያሳያል። ቤዛዊት በመርሳ ሙቀት ላቧን እየጠረገች፣ ዋሻው ውስጥ በብርድ ስለሚንቀጠቀጠው ድብ ምን እንደተሰማት ብትጠየቅ፣ ታድሎ ብላ መልሳ ዜሮ አግኝታለች። ውጤቱ ይገባታል፤ አልከራከርም።

፪ኛ፦ ልጆች በየጠዋቱ ስሜታቸውን በእርሳስ እንዲቀቡ መወሰኑ መልካም ነው። ለቁጣ ቀይ፣ ለሐዘን ሰማያዊ፣ ለደስታ ቢጫ፣ ለመረጋጋት አረንጓዴ። ይሁንና የደረሰን አረንጓዴው ብቻ ነው፤ የቀሩት በሒደት ላይ ናቸው ተብለናል። ስለዚህ ልጆቹ ሁሉ አረንጓዴ ቀቡ፤ ኮሚቴውም ትምህርት ቤታችን በሙሉ መረጋጋቱን በሪፖርት ገልጦ ተጨበጨበለት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ እርሳስ ግን ይገዳል።

፫ኛ፦ ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። የቤዛዊት ክፍል ልጅ የሆነው ሙሄዲን በቅርቡ እናቱን ቀበረ። ወደ ክፍል በተመለሰ ጊዜ ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው፣ በሰፈራችን ቅሬ፣ ሌላው አገር እድር በሚለው፣ ሐዘንተኛ ሲጽናና እንዳዩት አደረጉ። በየተራ እየተነሡ አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀመጡ፤ አንዷ ቆሎ ይዛለት መጣች፤ ሌላው ትከሻውን ነካው። መምህርታቸው ሩትም ሰው ናትና አልከለከለቻቸውም። በዚህ መካከል የላካችሁት ተቆጣጣሪ ደርሶ፣ የሰው ሐዘን መካፈል በመጽሐፉ ለከርሞ የተመደበ ምዕራፍ መሆኑን አስረድቶ፣ ሁሉንም ወደየቦታቸው መለሳቸው። ለመምህርቷም ማስጠንቀቂያ ጻፈላት። ልጆቹ ያለ ፈቃድ አንድ ዓመት ቀድመው ማዘናቸው ከባድ ጥፋት መሆኑ አሁን ገብቶናል።

ሙሄዲን ዛሬ ያን ረጅም አግዳሚ ብቻውን ይዞታል። በየጠዋቱ አረንጓዴ ይቀባል። ቤዛዊት ቤት ስትመጣ የምትነግረኝ እሱን ነው፤ እኔም አንጀቴ ይቃጠላል፣ አልደብቅዎትም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ድቡ በረዶው ውስጥ ይቆይ፤ እርሳሱም በሒደት ላይ ይሁን፤ ልጆቹ ግን ወደ አግዳሚው እንዲመለሱ ይፍቀዱላቸው። ለስብሰባ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ለመፍቀድ ንዑስ ኮሚቴ ቢያቋቁሙም ቅር አይለንም፤ የሚሰበር ወንበር እኛ እናዋጣለን።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤናና ብዙ ስብሰባ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በአረንጓዴ ስሜት እሰናበታለሁ።

አለሚቱ አበባው
ከመርሳ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ክረምት እናትዎ እዚህ መርሳ ሲያርፉ፣ ቅሬው ድንኳን ተክሎ ከጎንዎ ሲቀመጥ፣ የትኛውን ቀለም እንደሚቀቡ የጠየቀዎት አልነበረም፤ ለከርሞ ይቆይ ያለም የለም። በዚያ ዝናብ የንፍሮ ድስት ተሸክመው ከሁላችን ቀድመው የደረሱት፣ እስከ ሠልስቱም ከእኅቶችዎ አጠገብ ያልተነሡት፣ የሙሄዲን እናት ነበሩ።