የጨዋው ሌባ አሳዳጅ

አሥረኛው ወር፣ ቀን 2

ዝናብ። የልምምድ ክፍላችን ጣሪያ ዛሬም አፈሰሰ። ሁለት ባልዲ ደቅነን ቀጠልን። ሦስተኛው ትዕይንት ላይ ጠብታው ከንግግሬ ጋር እኩል መምታት ጀመረ... ልጆቹ ሳቁ። ተቆጣሁ። በኋላ እኔም ሳቅሁ።

ባለቤቴ ፉሳኤ ዱባ ቀቅላ ጠበቀችኝ። ዱባ የምትቀቅለው የምትጠይቀኝ ነገር ሲኖር ነው። ዛሬ ግን ምንም አልጠየቀችም። በላን።

የድምፅ አዘጋጁ ኒሺዋኪ ደወለ። ለሲኒማ ቤት የሚሠራ የካርቱን ፊልም አለ። ስለ አንድ ጨዋ ሌባ። ኮፍያውን አንስቶ፣ እጅ ነስቶ የሚሰርቅ ዓይነት።

«አንተ ዕድሜ ልኩን የሚያሳድደው ኢንስፔክተር ነህ» አለኝ።

«ሌባውስ?»

«ያንተው ሴጋዋ ነዋ።»

ለሥዕል ድምፅ መስጠት የመድረክ ሰው ሥራ ነው? አይደለም። ጣሪያው ግን ያፈሳል። እሺ አልኩ።

አሥረኛው ወር፣ ቀን 9

ሴጋዋ እኛ ቤት መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የጣፋጭ ካርቶን ይዞ። ገና በሩ ላይ ሳየው ገባኝ። የቤት ልጅ ጣፋጭ ይዞ አይመጣም።

ከአኪታ ሲመጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አፉን ሲከፍት ገጠሩ አብሮት ይወጣ ነበር። ፎቅ ላይ ባለችው ክፍል አኖርነው። እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚተነፍስ፣ ዝምታን እንዴት እንደሚይዝ... ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬ የሣር ምንጣፉ ታታሚ ላይ ተንበርክኮ፣ እንደ እንግዳ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ያሰናብቱኝ።»

«ወዴት?»

«ቴሌቪዥን ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚሄድ ድራማ። ዋናውን ሰውዬ... እኔን አሉ።»

«የአዲስ ዓመቱ ተውኔትስ?»

አንገቱን ደፋ።

«ማን ሊጫወተው ነው? እኔ? በዚህ ቦርጭ?»

«መምህር...»

«አስብበታለሁ።»

ላስብበት አልነበረም እንዲህ ያልኩት። በእኛ ሙያ ተማሪ መምህሩ ሳያሰናብተው አይሄድም። ቢሄድም ወሬው ቀድሞት ይደርሳል፤ ቴሌቪዥኖቹም ከመምህሩ የተጣላ ሰው አይፈልጉም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። መከልከል እንኳ አያስፈልገኝም። ዝም ካልኩ በቂ ነው።

እጄ አመድ አፋሽ ነው። ካርቶኑን ሳልነካው ወደ ጥግ ገፋሁት።

አሥረኛው ወር፣ ቀን 10

ከልምምድ ስመለስ ፉሳኤ ካርቶኑን ከፍታ፣ የባቄላውን ጣፋጭ ቆርጣ ትበላለች።

«ምን ማድረግሽ ነው? ከተበላ እኮ እሺ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እያላመጠች። «እኔ እሺ ብያለሁ። አንተ ቀርተሃል።»

«ተውኔቱ ይፈርሳል። ቡድኑም ሊፈርስ ይችላል።»

«ቡድኑን ደግፎ የያዘው አንድ ልጅ ብቻ ከሆነ ድሮም ፈርሷል።»

ይህቺ ሴት... ተኮሳትሬ እራት ሳልበላ ተኛሁ። ራበኝ እንጂ የጎዳሁት ሰው የለም።

አሥረኛው ወር፣ ቀን 24

ሴጋዋ በየቀኑ ልምምድ ይመጣል። ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ እንደ ጀማሪ ወለሉን ይወለውላል። ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ አላለም። እኔም አላልኩም። ከተውኔቱ ቃል ውጪ አንነጋገርም። መኮራረፍም ሥራ ነው፣ ያደክማል።

ዛሬ ከአባቱ የሚለያይበትን ትዕይንት ሲጫወት ጥግ ቆሜ አየሁት። ከእኔ ይሻላል። መቼ ነው የበለጠኝ? ሲበልጠኝ እኔ የት ነበርኩ?

ይሄን አልነገርኩትም። «ድምፅህ በዛ፣ ቀንስ» ብቻ አልኩት። «እሺ፣ መምህር» አለ።

አሥራ አንደኛው ወር፣ ቀን 6

ቀረጻው ተጀመረ። ሥዕሉ አላለቀም። መቼም አልቆ አያውቅም አሉኝ። ሸራው ላይ ባዶ ነጭ ብቻ ነው ያለው። ሌባው ሲናገር ቀይ መስመር ይሄዳል፣ ኢንስፔክተሩ ሲናገር ሰማያዊ። መስመሩ ሲጀምር ትጀምራለህ፣ ሲያልቅ ታበቃለህ። ፊት የለ፣ አፍ የለ፣ ባሕር የለ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ፊት ቆሜ ተጫውቼ በስተርጅና ለክር ልጫወት?

ሁሉም ዳቦ ይዞ ነው የሚመጣው። ማይኩ የሆድ ጩኸት ይይዛል። ባለፈው ሥራቸው አንዲት ልዕልት ፍቅሯን ስትናዘዝ ሆዷ ጮኾ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገሙት። «ኢንስፔክተር፣ ብላ!» ብሎ ኒሺዋኪ ግማሽ ዳቦ አስያዘኝ። በላሁ። ጥሩ ዳቦ ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጨዋው ሌባ አንዲት የታወቀች ዕንቁ ሊሰርቅ ደሴት ላይ ይወርዳል። ዕንቁዋን የያዘው ሀብታም ራሱ ከደሴቲቱ ሰዎች የነጠቃት ሆኖ ያገኘዋል። ሰርቆ ለባለቤቶቹ ይመልስላቸዋል። ኢንስፔክተሩ መቼም ከኋላው እየሮጠ ነው፣ እየወደቀ፣ እየተነሳ፣ እየተሳቀበት።

በዕረፍት ሰዓት ኒሺዋኪ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ መስታወት ወዲያ፣ «ኢንስፔክተር፣ ሌባው አጠገብህ ቆሞ ለምን አትይዘውም?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔና ሴጋዋ አልሳቅንም።

አሥራ አንደኛው ወር፣ ቀን 7

አበላሸሁት።

የመጨረሻው ትዕይንት ነበር። ሌባው ባዶ እጁን በትንሽ ጀልባ ሊሄድ ነው። የጀልባው ገመድ ኢንስፔክተሩ እጅ ላይ ነው። ዕንቁዋ ለባለቤቶቿ ስለተመለሰች የሚያስረው በምን ነገር ነው? ስለዚህ ተናዶ ይለቀዋል። ጽሑፉ ላይ «በጩኸት» ይላል፦ «ሂድ! የትም ብትሄድ እይዝሃለሁ!» ቀላል ነው። መጮህ ነው። መጮህ ደግሞ አያቅተኝም።

ማይኩ ጋ ከሴጋዋ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመናል። ሰማያዊው መስመር መጣ... አላየሁትም። ዓይኔ ሴጋዋ ላይ ነበር። ከጆሮው በላይ ሽበት አለው። ይሄ ልጅ ሸብቷል? መቼ? በእኔ ቤት፣ በእኔ መድረክ፣ እኔ እያየሁት? አንጀቴን በላው።

መስመሩ አልፎ ካለቀ በኋላ ነው አፌ የተከፈተው። ባዶው ሸራ ላይ።

«ሂድ» አልኩ። «የትም ብትሄድ... እይዝሃለሁ።»

ጩኸት የለ፣ ምን የለ። ልጁ ፎቅ ላይ ታሞ ሲተኛ አናግረው የነበረበት ዓይነት ድምፅ። ዘግይቶ፣ ከመስመር ወጥቶ። ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት ነው።

የሴጋዋ ቀይ መስመር መጣ። እሱም ትንሽ ዘገየ። ከዚያ የሌባውን ስንብት ተናገረ፦ «ደህና ይሁኑ፣ ጌታዬ። ራስዎን ይጠብቁ።» ሌባው ይሄን እየሳቀ ነው የሚለው። ሴጋዋ አልሳቀም።

ከመስታወቱ ወዲያ ኒሺዋኪ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ልድገመው» አልኩ።

«ሰዓታችን አልቋል፣ ባለተራዎቹ ውጪ ቆመዋል» አለ ኒሺዋኪ። ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ። «ሥዕሉም ገና አልተሳለ። ይቆይ። ሠዓሊዋ ትስማውና ትወስን።»

ጫማዬን አድርጌ ከሴጋዋ ቀድሜ ወጣሁ።

አሥራ አንደኛው ወር፣ ቀን 15

ኢሶቤ የምትባል ወይዘሪት ልምምድ ክፍላችን መጣች። የእጅጌዋ ጫፍ በእርሳስ ጠቁሯል። የፊልሙን መጨረሻ የምትስለው እሷ ናት።

«ቁጡ ፊት ስዬ ጨርሼ ነበር» አለችኝ። «ድምፅዎን ሰማሁና ቀደድኩት።»

ክው አልኩ። «ልጄ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መልሼ ልቅረጸው፣ በነፃ።»

«እንዳይነኩት። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ሲናገሩ ማንን ነበር የሚያዩት?»

«መስመሩን ነዋ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አላመነችኝም፣ ግን ጨዋ ናት፣ ነገሩን አልገፋችበትም። ልምምዱን ልይ ብላ ከኋላ ተቀመጠች። ሴጋዋ ሻይ ወሰደላት። እስክንጨርስ ወረቀቷ ላይ አጎንብሳ እርሳሷን ስታንቀሳቅስ ነበር። ስትሄድ የሣለችውን አላሳየችኝም።

አሥራ አንደኛው ወር፣ ቀን 16

መስመሩን... ለምን ዋሸሁ?

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ ቀን 11

ብርድ። ዱባ ተቀቅሏል። ገና ስገባ ሸተተኝና ምን ልትለኝ ነው አልኩ።

«የሴጋዋን ነገር እስከ መቼ ነው?» አለች ፉሳኤ። «ቴሌቪዥኖቹ ሳምንት ካለፈ ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን ብለውታል።»

«እሱ ነው የላከሽ?»

«እሱማ ይሙት እንጂ አይናገርም። ደውዬ አስለፈለፍኩት። ሳይፈቅዱልኝ አልሄድም፣ እምቢ ካሉም እቀራለሁ ነው የሚለው። የቀረ እንደሆነ ደግሞ አንተን ማየት ይችላል ወይ? ይሄን አስበኸዋል?»

አላሰብኩትም። ያሰብኩት ሌላ ነው። አንድ ሳምንት ዝም ካልኩ የእኔ ሆኖ ይቀራል። ምንም ሳላደርግ። እንዲህ ያሰብኩት እኔ ነኝ? እኔ ነኝ። አፈርኩ። አፍሬም ግን ስልኩን አላነሳሁም።

አሥራ ሁለተኛው ወር፣ ቀን 15

ፊልሙ ዛሬ ወጣ። ከቀትር በኋላ ከፉሳኤ ጋር ሺንጁኩ ሄድን። አዳራሹ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከፊታችን ሁለት ተማሪዎች፣ ጥግ ላይ ብርድ ሸሽቶ የገባ አንድ ሽማግሌ። ተኝቷል። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ድካም? አልኩ።

ከዚያ ፊልሙ ጀመረ... ምን ልበል? ያ ባዶ ነጭ ሸራ ባሕር ሆኗል። ሌባው ጣሪያ ለጣሪያ ሲዘል ፉሳኤ ክንዴን ጨመቀችኝ። ኢንስፔክተሩ ከደረጃ ሲወድቅ ከልቧ ሳቀች። «አንተም እንዲህ ነው የምትወድቀው» አለችኝ። ሽማግሌውም ነቅቶ ነበር። ሥዕል ነው ብዬ የናቅኩት ነገር ሰው ሆኖ ይተነፍሳል። ቀናሁም፣ ደስም አለኝ።

መጨረሻው መጣ። ኢንስፔክተሩ ገመዱን ይዞ ቆሟል። አይናገርም። ሰማያዊው መስመር ያለፈበት ያ ጊዜ ሁሉ እዚያው አለ፤ ኢሶቤ አልቆረጠችውም። ሌባውን ያያል። ዝም ብሎ ያያል። ኮፍያውን ያወልቃል። አፉን ወደ ግራ ጠመም ያደርጋል፣ እኔ ልምምድ ላይ ሰው ሲያስደንቀኝና እንዳይታወቅብኝ ስፈልግ እንደማደርገው። «ሂድ» ይላል። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይፈታሉ። ገመዱ ውኃው ላይ ይወድቃል።

የተናደደ ሰው አይደለም። የሚወደውን ልጅ የሚሸኝ ሰው ነው። አንዲት የማታውቀኝ ሴት አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጣ ያየችውን እኔ ሁለት ወር ሙሉ ደበቅኩት። ከማን? ከፉሳኤ አይደለም። ከሴጋዋም አይደለም፣ ማይኩ ጋ ሰምቶኛል።

«ይሄ እኮ አንተ ነህ» አለች ፉሳኤ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

መብራት በራ። ተማሪዎቹ ወጡ። እኔ ቶሎ መነሳት አቃተኝ፤ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ? ፉሳኤ መሐረቧን ሰጠችኝና ሌላ ቦታ አየች።

ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ቀዩ የሳንቲም ስልክ ጋ ስንደርስ ቆምኩ። ፉሳኤ ቦርሳዋን ከፍታ ሳንቲም መፈለግ ጀመረች። እኔ እደውላለሁ፣ እሷ ትጨምራለች።

«ሃሎ፣ ሴጋዋ ነኝ።»

«እኔ ነኝ።»

ከተቀመጠበት ሲነሳ ሰማሁት።

«ፊልሙን አየነው» አልኩት።

«እንዴት ነው፣ መምህር?»

«ሰው አልነበረም። ፊልሙ ግን ጥሩ ነው። አንተም ጥሩ ነህ።»

እንዲህ ብዬው አላውቅም። ባቡር አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቅን።

«መምህር... የነገው ልምምድ በስንት ሰዓት ነው?»

«አንተ ነገ ልምምድ የለህም።»

ፉሳኤ ሳንቲም ጨመረች።

«ቴሌቪዥኖቹ ጋ ነው የምትሄደው። መምህሬ ልኮኛል በላቸው። ተውኔቱን እኔ ሰርዤዋለሁ፣ እሱን ለእኔ ተወው። ጉሮሮህን ብርድ እንዳይመታው። ፉሳኤን ደግሞ እየመጣህ ጠይቃት፣ አለዚያ ዱባውን ሁሉ እኔ ነኝ የምበላው።»

አንድ ነገር ዱብ ሲል ተሰማኝ፣ ከዚያ ታታሚ ላይ የሚንሻተት ጨርቅ። ፉሳኤ ጆሮዋን አስጠጋች።

«ምን ወደቀ?»

«ምንም። ተንበርክኮ ነው፣ እጅ እየነሳ።»

ሌላ ሳንቲም አቀበለችኝ። ከተተሁት። ቀና እስኪል ጠበቅነው።