ይሻላል የተባለው የገዳሪፍ አየር

ሰኔ 9፣ እሑድ

ይሻላል የተባለው አየር ይኸው! ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ጥላ ይዤ እየጻፍኩ እንኳ ላቤ ደብተሩ ላይ ይንጠባጠባል። ደመናው ብቅ ይልና ይሄዳል፣ ብቅ ይልና ይሄዳል። ሥራ የፈታ ጎረምሳ!

የአየሩ ነገር የአማቴ ወሬ ነው። «በጎልማስነቴ ለሰሊጥ አጨዳ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ፣ ገዳሪፍን ዝናብ አይነሳትም፣ ማሽላው ሰው ይውጣል» ሲሉ ከረሙ። ጭልጋ ሁለት ክረምት ሙሉ ዝናብ ሲነሳን ቤታችንን ዘግተን ወረድን። እኔ፣ ባሌ አያሌው፣ አማቴ የሆኑት አባቱና ልጄ ይታይሽ። አራት ሆነን ወጣን፣ ሦስት ሆነን ደረስን። ይታይሽ ድንበሩ ላይ ካለው ገላባት ሳንደርስ በረሃብ መንገድ ላይ ቀረች። አራት ዓመቷ ነበር።

አማቴ ትከሻ ላይ ስልቻ ነበር፤ ስልቻው ውስጥ የዘር ማሽላ። ለልጄ አልተፈታላትም። «ይኸን ከበላን ወዴት ነው የምንሄደው?» አሉ። አያሌው አንገቱን ደፋ። እኔም ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የራሴ ዝምታ ነው።

ዛሬ ከአያሌው ቃል መጣ። ፋው ወደሚባል የመስኖ እርሻ ከሄደ ሁለት ወሩ ነው፣ ቦይ ጠረጋ ገብቷል። በሎሪ ሹፌር ነው የላከው፦ «እዚህ ውሃው በቦይ ነው የሚመጣ፣ ሰማይ አንጋጦ የሚያይ ሰው የለም። የዒድ ማግስት ዓርብ ሎሪው ሲመለስ አባቴን ይዘሽ ነይ። ኸሪፉ፣ የዚህ አገር ክረምት፣ ከገባ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እስከ መስከረም መኪና አይንቀሳቀስም።»

እሄዳለሁ! ለአማቴ ነገርኳቸው። «እናያለን» አሉና ስልቻቸውን ተንተርሰው ጋደም አሉ። ምኑን ነው የሚያዩት?

ሰኔ 10፣ ሰኞ

የምይዘው፦ ድስት። ሁለት ቅል። ብርድ ልብሱ። የይታይሽ ቀሚስ። ይኸ ደብተር።

ደብተሩ ከመሠረተ ትምህርት የተረፈኝ ነው። አማቴ ስጽፍ ባዩኝ ቁጥር «ደግሞ ልትጭሪ ነው?» ይላሉ። አዎ ልጭር ነው። ለማን ልናገረው ታዲያ?

እትዬ ዘይነባ ዘንድ ሄጄ ነበር። የጎንደር ሰው ናት፤ ገበያው ዳር ሱቅ ከፍታ እዚህ አርጅታለች። ረመዳኑ አድክሟት ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። «ሂጂ እህቴ» አለችኝ፣ «መኪና ቆሞ አይጠብቅሽም። ሽማግሌውን ተሸክመሽም ቢሆን ውሰጃቸው።» አቅፋኝ ተለያየን። ልቤ ቀለል አለኝ።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ዘነበ! ከቀትር በኋላ መጣ፣ አንድ እንጀራ ተጋግሮ እስኪወጣ ያህል ወርዶ አባራ። አፌን ከፍቼ ቆምኩ። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው አለቀሱ።

ከዚያ ነገር መጣ። «ነገ ሰኔ ሚካኤል ነው። ዋዜማውን ዘነበ። ሌላ ምን ምልክት ትፈልጊያለሽ? እዘራለሁ» አሉኝ።

የእርሻው ባለቤት ወኪል ዑስማን በአህያው ሲያልፍ ሰማ። ከትራክተሩ እርሻ ዳር ይህችን ቁራሽ መሬት የሰጠን እሱ ነው፣ እኛ ደግሞ ሰሊጡን ልናርምለት። ከአህያው ወርዶ በበትሩ አፈሩን ጫር ጫር አደረገው። ከሥር ድርቅ ያለ ጥቁር መሬት። ቀስ እያለ ነገረን፣ አረብኛው ለእኔም ገባኝ፦ ይኸ አቧራ ማስተኛ ነው፤ መጀመሪያ ደህና ዝናብ ይውረድ፣ አረሙ ይብቀል፣ አረሙን ግደሉ፣ ከዚያ ዝሩ።

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። «አርባ ዓመት ያረስኩትን እኔን በአህያ የሚዞር ያስተምረኝ?» አሉ።

ምን ቸገረኝ፣ ዓርብ እንሄዳለን ብዬ ተውኩት።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ፣ ሚካኤል

ውሃ ቀድቼ ስመለስ ስልቻው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ባዶውን!

ሮጬ ማሳው ዘንድ ደረስኩ። ዘሩን በትነው ጨርሰው በመቆፈሪያ አፈር እያለበሱት ነው። ፊታቸው በርቷል። «ከእንግዲህ ፋው የለም» አሉኝ፣ «ዘሬን መሬት ላይ ጥዬ የትም አልሄድም።»

አሁን ገባኝ። ሚካኤሉም ዝናቡም ሰበብ ነው፣ የሎሪው ማስቀሪያ ነው! ልጄ እያቃሰተች ያልተፈታ ስልቻ፣ እኔን ለማሰር ተፈታ። ወይ ነዶ! ወይ ነዶ!

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱ አልለውም። ሽማግሌው። በቃ። በአፌ ግን አንቱ ማለቴ አልቀረም፣ አስተዳደጌ ይዞኝ። እሱም ያናድደኛል።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

ዒድ ነው። መንደሩ ሁሉ ነጭ ጀለቢያ ለብሷል። ዘይነባ ተምርና ቂጣ ይዛልን መጣች። «የሐዋርያት ጾም ላይ መሆናችሁን አውቃለሁ፣ ሥጋውን ተውኩት» አለች። ሽማግሌው መረቃት። አፉ ለምርቃት ጊዜ ማር ነው።

ጥዬው ብሄድስ? ቀኑን ሙሉ ይኸንን ሳመላልስ ዋልኩ። አያሌው «አባቴስ?» ቢለኝ ምን እላለሁ? ዘሩን ይጠብቃል ልበለው?

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ሎሪው ጥሩንባውን ነፋ። ጓዜን ጫንኩ። እግሬን አነሳሁ። አወረድኩ። ሹፌሩ «ያላ፣ ሐበሺያ!» ይላል። ሰው ሁሉ ያየኛል። ጓዜን መልሼ አወረድኩት።

«ለአያሌው አባትህ ዘርቷል በለው» አልኩት ለሹፌሩ። 

ስመለስ ሽማግሌው ማሳው ዳር ተቀምጦ ወፍ ያባርራል። ዞር ብሎም አላየኝ። እንደማልሄድ አውቆታል! ለእሱ የታሰበውን ቂጣ ለብቻዬ በላሁት።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

በቀለ። ክር የመሰለች አረንጓዴ፣ እዚህም እዚያም። ሽማግሌው በእንብርክኩ እየዞረ ይቆጥራታል። ደስ አለኝ እንዴ? አዎ፣ አለኝ። ይብቀልና ያሳፍረኝ፣ እሺ። እበላዋለሁ።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ከዚያች ቀን ወዲህ ጠብታ የለም። ትናንት ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል መጣና ቀኑን አጨለመው። ዛሬ ሄጄ አየሁ። አንድም ቡቃያ የለም። የተረፈውን ፀሐይ ቆልቶታል። መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጄ እስከ ክንዴ ይገባል። ሽማግሌው በቅል ውሃ ሲያመላልስ ነበር፣ በቅል!

ያን ጊዜ ሁሉንም አልኩት። «እርስዎ ያዩት አጨዳ ነው! ጥቅምት መጥተው ታኅሣሥ የሚመለሱ ሰው፣ እዚህ አገር ዘር ሲዘራ አንድ ቀን ቆመው አይተዋል? የበሰለ ማሽላ አይተው ነው አየሩ ይሻላል ብለው ልጄን መንገድ ላይ ያስቀሩብኝ!»

 ቅሉን አስቀመጠና ተቀመጠ። ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 23፣ እሑድ

አሁን ደግሞ ሰማዩ ተቀደደ። ከትናንት ጀምሮ ይወርዳል። ጥቁሩ መሬት አብጦ እግር ይዞ አይለቅም። የፋው መንገድ ተዘጋ፣ አበቃ።

ዝናብ አለ፣ ዘር የለም። ጭልጋ ሳለን ዘር ነበር፣ ዝናብ አልነበረም። ማንን ልስደብ? ሳቄ መጣ፣ ሳቅሁና አለቀስኩ።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

አረሙ ማሳውን አለበሰው። ዑስማን መጣና «ሹፍ!» አለ፣ እየሳቀ። እዩት፣ ጊዜው አሁን ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ባዶውን ስልቻ አየና ሳቁን ተወ።

ሽማግሌው ከማለዳ ጀምሮ ያርማል። «ምን ሊዘሩበት ነው?» አልኩት። መቆፈሪያውን ጣለና የወገቡን ድግ ፈታ። ከድጉ ውስጥ አንድ ቋጠሮ ወጣ፣ በላብ ጠቁሯል። ፈትቶ አሳየኝ። ማሽላ። አምስት ስድስት እፍኝ ይሆናል።

«ዘሩን ሁሉ በአንድ ቀን የሚበትን ገበሬ የለም» አለኝ።

ደስ ይለኝ ይመስለው ነበር።

«ይኸ መንገድ ላይም ወገብዎ ላይ ነበር?»

«ነበር።»

«ይታይሽ ስትለምንዎት?»

«ነበር። ልፈታው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ጠዋት እፈታዋለሁ ስል፣ ቀረች።»

አንድ እፍኝ! ስልቻውን እንኳ አይንካ፣ ከዚህ ቋጠሮ አንድ እፍኝ! ጭቃ አንስቼ ወረወርኩበት። ደረቱ ላይ አረፈ። አልጠረገውም።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

አላነጋገርኩትም። እህል ሰጠሁት፣ ፊቴን አዙሬ።

ዘይነባ ጭቃውን እየተሻገረች መጣች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ሁሉንም ነገርኳት። «ወይ ቀቅይው ወይ ዝሪው፣ ነገር ግን እያየሽው አይበስብስ» አለችኝ። ከዚያ የዚህን አገር አዘራር አሳየችኝ። ወንዱ ሰሉካ በሚሉት ሹል እንጨት ጉድጓድ እየወጋ ከፊት ይሄዳል፣ ሴቷ ከኋላ አራት አምስት ፍሬ እየጣለች በእግሯ አፈር ትመልሳለች።

ሽማግሌው ራኩባው ሥር ሆኖ ይሰማል። «ዘር በሴት እጅ?» አለ። እኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ትወቃለች፤ ዘር ግን አትበትንም። አገራችን የት እንዳለች ማን በነገረው!

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ጠዋት ስነሳ አማቴ ከዑስማን ሰሉካ ተውሰው ማሳው ራስ ላይ ቆመዋል። ቋጠሮውን ዘረጉልኝ።

«አንቺ ጣይው» አሉ። «የኔ እጅ አልሆነም።»

አልተቀበልኳቸውም ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ተቀበልኩ። ከላባቸው የተነሳ ርጥብ ነበር።

ከፊት ከፊቴ እየወጉ ሄዱ። እኔ አራት ፍሬ እጥላለሁ፣ በእግሬ አፈር እመልሳለሁ፣ አንድ ስድብ እሳደባለሁ። ጮክ ብዬ። ሰማዩን ሰደብኩ። ጭልጋን ሰደብኩ፣ ገዳሪፍን ሰደብኩ። አያሌውን፣ የደፋውን አንገቱን። እሳቸውን፣ ብዙ ጉድጓድ። ዝም ያልኩትን እኔን። ከሁሉ የከፋውን ለራሴ ነው ያስቀረሁት። አማቴ አንድም ጊዜ አልዞሩም፣ መስመራቸውንም አላዛነፉም። ወደ መጨረሻው ስድቡ አለቀብኝና «ይታይሽ» እያልኩ ጣልኩ። ያን ጊዜ ሰሉካው ቆም አለ። ከዚያ እንደገና ወጋ።

ማሳው ሲያልቅ ቋጠሮው ውስጥ አንድ እፍኝ ተረፈ። አማቴ አይተው «እሱን ቀቅይና ብይው» አሉኝ። 

ድስቱን ጣድኩ። ውሃው ፈላ። እፍኙን ይዤ ቆምኩበት፣ ብዙ ቆምኩ። እርቦኛል። እጄ እምቢ አለኝ።

በይታይሽ ቀሚስ ቋጥሬ ወገቤ ላይ አሰርኩት። አሁን እኔም እንደ እሳቸው ሆኜ አረፍኩት፣ እሱም ያናድደኛል። ይቅር አላልኳቸውም። በገላባት በኩል ደመናው እየጠቆረ ነው። «ይዘንብ ይሆን?» ሲሉ ጠየቁኝ፣ እኔን።

«እናያለን» አልኳቸው።