ያልሮጥኩበት ጨዋታ

እሑድ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017

ባለፈው ሳምንት አሰልጣኙ በቡድኑ ሁሉ ፊት "አንቺ መሮጥ እንጂ ኳስ አታውቂም፤ ኳስ የምታውቀው ማርታ ናት" አለኝ። የማርታ ኳስ ሰው ጋ የሚደርሰው እኔ ያለ ኳስ ስሮጥ ተከላካዮቹ እየተከተሉኝ ቦታ ስለሚለቁላት ነው። ይህን ስነግረው ሳቀ። "ዩኒቨርሲቲ ይህን ነው የሚያስተምሩሽ?"

ስለዚህ ዛሬ አይቮሪ ፓርክ ሜዳ ላይ አልሮጥኩም። ሶምሶማ እያልኩ የሮጥኩ አስመሰልኩ እንጂ ከአካባቢዬ አልራቅኩም። ተከላካዮቹም ቦታቸውን አልለቀቁም። ማርታ ያቀበለችው ኳስ ሁሉ እነሱ እግር ላይ ወደቀ። ዳር የቆሙት የሰፈሩ ልጆች በአገራቸው ቋንቋ "ሀይቦ!"፣ ኧረ ጉድ፣ እያሉ ሳቁባት። ከዕረፍት በፊት አሰልጣኙ አስወጣትና "ለሚቀጥለው እሑድ ሌላ አማካይ እፈልጋለሁ" አላት። በሚቀጥለው እሑድ ወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ ሊያያት ቃል ገብቶላት ነበር።

ልክ ነበርኩ። አሁንም ልክ ነኝ፤ አሰልጣኙንም አልማርኩትም። ግን እሱ ዛሬም ምንም አልገባውም። የተቀጣችው ማርታ ናት።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ እጄን ያዝ አድርጋ፣ "የኔ እህት፣ ይቅርታ። ዛሬ ያን ሁሉ ስትሮጪልኝ አላየሁሽም መሰለኝ" አለችኝ።

"ችግር የለም፣ ማርቲዬ" አልኳት።

ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ፣ ይቅር ባይዋ እኔ ሆንኩ።